የሲሊኮን ቱቦና ሌሎች ለስላሳ የሕክምና ቁሶች ላይ ፕሮቲን እንዳይለጠፍ፦ የምጣድ ማሟሸት ሐሳብ ይሠራ ይሆን?

የቦርከና ልጅ (ኮምቦልቻ)

ሰላም ለሁላችሁም ይሁን። ኮምቦልቻ ውስጥ የቁሳቁስ ምህንድስና የሁለተኛ ዲግሪ ተማሪ ነኝ፤ ለመመረቂያ ጥናቴ ያሰብሁትን ጉዳይ ከመጀመሬ በፊት እዚህ ያላችሁ የሙያ ሰዎች እንድትተቹልኝ ነው የምጽፈው።

ጉዳዩ ከቤቴ የመጣ ነው። አባቴ ባለፈው ዓመት በፕሮስቴት ሕመም ሽንቱ ተዘግቶበት፣ የቀዶ ሕክምና ተራው እስኪደርስ ከአራት ወር በላይ የሽንት ቱቦ ተደርጎለት ቆየ። በዚያ ጊዜ ውስጥ ቱቦው ሦስት ጊዜ ተደፍኗል። አንደኛው በሌሊት ነበር፤ በሄድንበት የጤና ተቋም የሚተካ ቱቦ ስላልነበረ ፊኛው ተወጥሮ እስኪነጋ ሲቃትት አደረ። ጠዋት የወጣውን ቱቦ ጫፍ ቆርጬ አየሁት፦ ውስጡ መጀመሪያ ሙልጭልጭ የሚል ግራጫ ልባስ፣ ከዚያ በላይ ደግሞ አሸዋ የሚመስል ነገር ይዟል። ያነበብሁት ሁሉ የነገሩ መነሻ በቁሱ ላይ መጀመሪያ የሚለጠፈው ፕሮቲን እንደሆነ ይናገራል፤ እውነት ከሆነ ከመነሻው መከልከል ይሻላል ብዬ አሰብሁ።

ሐሳቤ እንዲህ ነው። እናቴ አዲስ ምጣድ ስትገዛ በጎመን ዘር ደጋግማ ታሟሸዋለች፤ ያልተሟሸ ምጣድ እንጀራውን ይዞ አያስነሣም። በዚሁ አምሳል የሲሊኮኑን ገጽ ይበልጥ ቅባታማና ውሃ የሚሸሽ ባደርገው ፕሮቲኑ የሚይዘው አጥቶ ይንሸራተታል የሚል ነው መላ ምቴ። ስሕተቴን አሁኑኑ ብትነግሩኝ በኋላ ከሚመጣ ኪሳራ ታድኑኛላችሁ።


ከጦሳ ሥር (ደሴ)

የቦርከና ልጅ፣ ለአባትህ ምሕረቱን ያውርድለት። ጥያቄህ መልካም ነው፤ የያዝኸው መንገድ ግን ወደ ተቃራኒው አቅጣጫ ይወስድሃልና ሳትርቅ ልመልስህ።

ምጣድ ላይ የሚፈሰው ሊጥ ውሃ የበዛበት ስለሆነ ከቅባቱ ይለያል፤ ምጣዱ የሚሠራውም በአየር መካከል፣ በእሳት ላይ ነው። በሰውነት ውስጥ ግን ቱቦውም ፕሮቲኑም በውሃ የተከበቡ ናቸው። ፕሮቲን ማለት ውሃ የሚሸሹ ክፍሎቹን ወደ ውስጥ አጥፎ፣ ውሃ የሚወዱትን ወደ ውጭ አድርጎ የተጠቀለለ ረጅም ሰንሰለት ነው። ውሃ የሚሸሽ ገጽ ሲያገኝ በሁለቱ መካከል በግድ ተደርድረው የቆዩት የውሃ ሞለኪውሎች ይለቀቃሉ፣ ያም ለሥርዓቱ ትርፍ ነው፤ ፕሮቲኑም ቀስ በቀስ ጥቅሉን ፈትቶ የውስጥ ክፍሉን ከገጹ ጋር ያጣብቃል። ከዚያ በኋላ በማጠብ ብቻ አይለቅም። ሲሊኮን እንዲያውም በተፈጥሮው ውሃ የሚሸሽ ነው፤ በላዩ የተቀመጠ የውሃ ጠብታ ሳይዘረጋ ክብ ሆኖ፣ ከገጹ ጋር ከ105 እስከ 110 ዲግሪ የሚደርስ ማዕዘን ይሠራል። ይበልጥ ቅባታማ ባደረግኸው መጠን ለፕሮቲን የበለጠ ምቹ ታደርገዋለህ።

ስለ ፍጥነቱም ላስታውስህ። ደም የነካው ቁስ በሰከንዶች ውስጥ በፕሮቲን ይለበሳል። በአንድ ሊትር የደም ፕላዝማ ውስጥ ከ35 እስከ 50 ግራም አልቡሚን፣ ከ2 እስከ 4 ግራም ደግሞ ደም ለማርጋት የሚያገለግለው ፋይብሪኖጅን የተባለ ፕሮቲን አለ። አልቡሚን ብዙና ትንሽ ስለሆነ ቀድሞ ይደርሳል፤ ቆይተው የሚመጡት ትልልቆቹና ከገጹ ጋር የበለጠ የሚጣበቁት ግን ቦታውን ያስለቅቁታል። ይህን መተካካት በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. በዝርዝር ያሳየው ሊዮ ቭሮማን የተባለ ትውልደ ኔዘርላንድ የደም ተመራማሪ ስለሆነ እስከ ዛሬ በስሙ ይጠራል። ለቅሶ ቤት ቀድሞ የደረሰ ጎረቤት መደቡን ይይዛል፤ የቅርብ ዘመድ ከሩቅ አገር ሲደርስ ግን ተነሥቶ ይለቅለታል፤ እንደዚያ ቁጠረው። ስለዚህ በአንድ ፕሮቲን ብቻ፣ ለአንድ ሰዓት ብቻ የተሠራ ሙከራ በሰውነት ውስጥ የሚሆነውን አያሳይህም።

መንገዱ ውሃን መሸሽ ሳይሆን ውሃን አጥብቆ መያዝ ነው። ገጹ በላዩ ያለውን ውሃ የማይለቅ ከሆነ ፕሮቲኑ ለመጣበቅ መጀመሪያ ያንን ውሃ መንቀል አለበት፤ ያ ደግሞ ጉልበት ይጠይቃል። በ1991 እ.ኤ.አ. ፕራይምና ኋይትሳይድስ ጫፋቸው ኢትሊን ግላይኮል የሆኑ ስስ ልባሶች ፕሮቲን እንደማይቀበሉ አሳዩ። ከዚያ በኋላ የኋይትሳይድስ ቡድን እንዲህ ያሉ ገጾችን የሚያመሳስላቸውን ጠባይ አጠና፦ ውሃ ይወዳሉ፣ በጠቅላላ ድምራቸው ቻርጅ የላቸውም፣ የሃይድሮጅን ትስስርን ይቀበላሉ እንጂ አይሰጡም። ከዚህ ሕግ የሚወጡ አሉ፤ ለመነሻ ግን ይበቃሃል።


ሲስተር ወ. (ደሴ)

ወንድሜ፣ አብሽር፤ ያ ሌሊት እንዴት እንዳለፈባችሁ ይገባኛል። በቀዶ ሕክምና ክፍል ለብዙ ዓመታት የሠራሁ ነርስ ነኝ፤ ኬሚስትሪውን ለጋሼ ትቼ ከአልጋው ዳር የማውቀውን ልጨምር።

በመጀመሪያ፣ ያየኸው አሸዋ ፕሮቲን አይደለም። ፕሮቲኑ እንደ ምንጣፍ ነው፤ በእርሱ ላይ ባክቴሪያ ይሰፍራል። ከእነዚህ መካከል ፕሮቲየስ ሚራቢሊስ የተባለው ዩሪያን ወደ አሞኒያ የሚለውጥ ኤንዛይም አለው። ሽንቱ አልካላይን ሲሆን ማግኒዚየም አሞኒየም ፎስፌትና ካልሲየም ፎስፌት ይረጋሉ፤ ቱቦውን የሚደፍነውም ይኸው ድንጋይ ነው። እንግዲህ ጥናትህ ፕሮቲንን ብቻ ለክቶ ክሪስታሉን ከተወ፣ ሥራ ላይ ሲውል አባትህን የገጠመው ነገር መልሶ ይገጥመዋል።

ሁለተኛ፣ ዛሬ ልባስ ሳይኖር ሊደረግ የሚችለውን መናቅ አይገባም። ቱቦ በገባ ቁጥር በሽንት ውስጥ ባክቴሪያ የመገኘቱ ዕድል በእያንዳንዱ ቀን ከ3 እስከ 7 በመቶ ይጨምራል፤ ስለዚህ የማያስፈልግ ቱቦ አንድ ቀን እንኳ መቆየት የለበትም። ለረጅም ጊዜ የሚቆይ ከሆነ ሙሉ ሲሊኮኑ ይመረጣል፤ ግድግዳው ስስ ስለሆነ በውጭ መጠኑ እኩል ከሆነው የላቴክስ ቱቦ ይልቅ ውስጡ ሰፊ ነው። ከረጢቱ ከፊኛ ከፍታ በታች ይንጠልጠል፣ መሬት ግን አይንካ፤ መገጣጠሚያው ያለ ምክንያት አይፈታ። የቱቦው ማቆያ ባሉን የሚሞላውም ከጀርም ነጻ በሆነ (ስቴራይል) ውሃ ነው እንጂ በጨው ውሃ አይደለም፣ ጨው ደርቆ የመሙያውን ቀዳዳ ሊዘጋው ይችላልና።

ሌላም አለ፦ ይህን የምታነቡ አስታማሚዎች «ቅባት ይከላከላል» የሚለውን ቃል ይዛችሁ ቫዝሊንም ሆነ የምግብ ዘይት በቱቦው ላይ እንዳትቀቡ አደራ እላለሁ። ቅባት ላቴክስን ያበሰብሰዋል።


ሐይቅ ዳር

ጋሼ፣ በአብዛኛው እስማማለሁ፤ አንድ ነገር ላይ ግን በአክብሮት ልከራከርዎት። ልጁ ያነሣው የምጣድ ምሳሌ ሁለት ሥራዎችን አደባልቋል። ማሟሸት አለ፣ ማሰስም አለ። ማሟሸት ቅባቱ በሸክላው ቀዳዳዎች ውስጥ ገብቶ፣ ተቃጥሎ፣ ጠንካራ ልባስ እስኪሆን የሚሠራ የአንድ ጊዜ ሥራ ነው፤ ማሰስ ደግሞ በእያንዳንዱ እንጀራ መካከል ላዩን በስሱ የሚታደስ ነው። ጠንካራ ቅባታማ ልባስ ፕሮቲንን ይጋብዛል፤ እርስዎ ያሉት ለዚህ ትክክል ነው። ላዩ ፈሳሽ ሆኖ የሚቆይ ገጽ ግን ሌላ ነው።

በ2011 እ.ኤ.አ. የጆአና አይዘንበርግ የሃርቫርድ ቡድን፣ ነፍሳት ከከንፈሩ ላይ ተንሸራተው ከሚወድቁበት ማሰሮ መሰል ተክል ትምህርት ወስዶ፣ በቀዳዳማ ቁስ ውስጥ ፈሳሽ ቅባት አስርጎ የሚያንሸራትት ገጽ ሠራ። በ2014 ደግሞ እዚያው የተሠራ በፍሎሪን የበለጸገ ፈሳሽ ልባስ ደም በቱቦ ውስጥ እንዳይረጋ መከልከል እንደሚችል በእንስሳ ላይ ታየ። ለዚህ ክር ይበልጥ የሚቀርበው በ2022 የወጣው ሥራ ነው፦ የሲሊኮን የሽንት ቱቦዎች የሲሊኮን ዘይት እንዲመጥጡ ተደርገው በአይጦች ፊኛ ውስጥ ሲቀመጡ፣ የሚለጠፍባቸው ፋይብሪኖጅንም ባክቴሪያም ቀንሷል። ፋይብሪኖጅን በሽንት ቱቦ ላይ ምን ይሠራል የሚል ቢኖር፣ ቱቦው ፊኛውን ሲፈገፍገው ከቁስለቱ ይመጣል፤ ኢንቴሮኮከስ የሚባለው ባክቴሪያም የሚይዘው እርሱን ነው።

እንግዲህ የእናቱ ምጣድ ያስተማረው ሙሉ በሙሉ ስሕተት አልነበረም። የሚቀረው ጥያቄ ዘይቱ በስንት ቀን ያልቃል፣ ሲያልቅስ ማን ያስሰዋል የሚለው ነው፤ በሰውነት ውስጥ ማሰሻ ይዞ የሚቆም የለም።


ከጦሳ ሥር (ደሴ)

ሐይቅ ዳር፣ እርማትህን ተቀብያለሁ። ጠንካራና ፈሳሽ ገጽን ሳልለይ በደፈናው መናገሬ ትክክል አልነበረም።


የቦርከና ልጅ (ኮምቦልቻ)

ጋሼ፣ ሲስተር፣ ሐይቅ ዳር፣ ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ማሟሸትና ማሰስን አለመለየቴን እናቴ ብትሰማ ታዝንብኛለች።

ውሃ ወዳድ ገጽን በተመለከተ የገጠመኝን ልንገራችሁ። ባለፈው ወር ከሌላ ከተማ ባለ ቤተ ሙከራ በጓደኛዬ በኩል ትንሽ የሲሊኮን ቁራጭ በኦክሲጅን ፕላዝማ (በኤሌክትሪክ ኃይል በተነቃ የኦክሲጅን ጋዝ፤ ከደም ፕላዝማ ጋር አይገናኝም) አስመትቼ ነበር። ወዲያው ሲለካ ጠብታው ገጹ ላይ ተዘርግቶ ጠፋ ማለት ይቻላል። በአውቶቡስ ይዤው መጥቼ በሳምንቱ ስለካው ግን ጠብታው ወደ ቀድሞው ክብነቱ ለመመለስ ትንሽ ብቻ ቀርቶታል። ቁራጩን በደረቅ ወረቀት ጠቅልዬ ነበር የያዝሁት። ያበላሸሁት እኔ ነኝ ወይስ ዘዴው?


ከጦሳ ሥር (ደሴ)

አንተም አላበላሸኸውም፣ ዘዴውም እንደ ጠባዩ ነው የሠራው። ለስላሳ ቁስን ከብርጭቆና ከብረት የሚለየው ዋናው ችግር ይህ ስለሆነ በዚህ ላይ ሰፋ አድርጌ ልጻፍልህ።

የሲሊኮን ሰንሰለቶች በክፍል ሙቀት እንኳ ይንቀሳቀሳሉ፤ ለስላሳ የሆነውም በዚሁ ምክንያት ነው። ፕላዝማው ላዩን ውሃ ወዳድ ያደርገዋል፤ አየር ውስጥ ሲቀመጥ ግን እነዚያ ውሃ ወዳድ ጫፎች ወደ ውስጥ ይገለበጣሉ፣ ከሥር ያሉ ያልተሳሰሩ አጫጭር ሰንሰለቶችም ወደ ላይ ይፈልሳሉ፤ በሰዓታትና በቀናት ውስጥ ገጹ ወደ ቀድሞ ጠባዩ ይመለሳል። በውሃ ውስጥ አስቀምጠኸው ቢሆን መመለሱ በብዙ ይዘገይ ነበር። ስለዚህ ፕላዝማ መጨረሻ ሳይሆን መጀመሪያ ነው፤ ገጹ ገና ንቁ ሳለ ሌላ ነገር በጽኑ ሊተከልበት ይገባል።

የሚተከለውን በተመለከተ ሁለት ቤተሰቦችን አውቃለሁ። አንደኛው ፖሊኢትሊን ግላይኮል ነው፤ ለረጅም ዘመን ሲሠራበት የቆየ፣ በቀላሉ የሚገኝ ነው። ድካሙ በሰውነት ውስጥ በኦክሲጅን እየተበላ መሄዱ ነው፣ በአንዳንድ ሰዎች ደም ውስጥም ፀረ እንግዳ አካል ይገኝበታል። ሁለተኛው አዎንታዊና አሉታዊ ቻርጅን በአንድ ሞለኪውል ላይ ጎን ለጎን የያዘው ቤተሰብ ነው። በጃፓን ኢሺሃራና ባልደረቦቹ በ1990 እ.ኤ.አ. ያስተዋወቁት ፎስፎሪልኮሊን የያዘው ፖሊመር ከዚህ ይመደባል፤ ሐሳቡን የወሰዱት ከራሱ ከሕዋስ ቆዳ የውጭ ገጽ ነው። ሰውነታችን በደም ውስጥ የሚዋኙ ሕዋሶቹን በምን እንዳለበሰ አይቶ ያንኑ መከተል፣ ለእኔ በዚህ መስክ ካነበብሁት ሁሉ የሚያስደንቀኝ ሐሳብ ነው። በ2013 ደግሞ የሻውዪ ጂያንግ ቡድን ከዚሁ ቤተሰብ ከሆነው ከካርቦክሲቤታይን ሙሉ በሙሉ የተሠራ ሃይድሮጀልን (ውሃ የያዘ ለስላሳ ጀል) በአይጦች ቆዳ ሥር ቀብሮ ለሦስት ወር ያህል የጠባሳ ከረጢት እንዳላበጀ አሳየ። ሌላ ቁስ ቢሆን ማክሮፌጆች የሚባሉት የሰውነት ተከላካይ ሕዋሶች ከበውት በኮላጅን ግድግዳ ያስሩት ነበር።

ስለ መትከያው። ማስል የሚባሉ ባለ ቅርፊት የባሕር ፍጥረታት በእርጥብ ዐለት ላይ የሚጣበቁበትን ኬሚስትሪ ተከትሎ የሜሰርስሚዝ ቡድን በ2007 እ.ኤ.አ. ያወጣው የፖሊዶፓሚን ልባስ አለ፤ ዶፓሚንን በ8.5 ፒኤች ሟሙት ውስጥ አድርጎ ቁሱን መንከር ነው፣ ቡናማ ልባስ ይይዛል፣ ሲሊኮንንም ይቀበላል። ውድ መሣሪያ ስለማይፈልግ ለእኛ ቤተ ሙከራ ይስማማል። የበለጠ ጽኑ የሚሆነው ግን ቤንዞፌኖን የተባለውን ብርሃን ተቀባይ ወደ ሲሊኮኑ ቆዳ አስርጎ፣ ሃይድሮጀሉን በአልትራቫዮሌት ብርሃን እዚያው ማሳደግ ነው፤ ያን ጊዜ ጀሉ በላዩ የተቀባ ብቻ ሳይሆን ከቁሱ ጋር ሥር የተያያዘ ይሆናል። ቱቦው ሲታጠፍና ሲለጠጥ አብሮት የማይለጠጥ ልባስ ይሰነጠቃል፣ ስንጥቁም ከልባስ አልባው ገጽ የባሰ የባክቴሪያ መሸሸጊያ ነው። ስለዚህ ከመለካትህ በፊት መቶ ጊዜ እጠፈው።


ዓይን ጠባቂ (ቦሩ ሜዳ)

የዓይን ባለሙያ ነኝ። በዚህ ክር ላይ የተጻፈውን ሁሉ የሚያስተምረው የመጀመሪያው ለስላሳ ቁስ በእኔ ሙያ ውስጥ ስለሚገኝ ዝም ማለት አልቻልሁም። የቼኩ ኬሚስት ኦቶ ዊችተርሌ በ1961 እ.ኤ.አ. በገና ሰሞን፣ በቤቱ ውስጥ ከልጆች የብረት መገጣጠሚያ መጫወቻ በሠራው መሣሪያ የመጀመሪያዎቹን ለስላሳ የዓይን ሌንሶች ሽክርክሪት ላይ አፈሰሰ። ጀሉ ከክብደቱ 38 በመቶ ያህሉ ውሃ ነበር። በእኛ አካባቢ ሌንስ የሚያደርግ ሰው ጥቂት ቢሆንም፣ የተላጠ የዓይን ብሌን እስኪድን እንደ ፋሻ የሚደረገው ለስላሳ ሌንስ የዚሁ ዘር ነው።

ከዚህ የምጨምረው ትምህርት «ውሃ የበዛበት ሁሉ ከፕሮቲን ይድናል» ማለት እንደማይቻል ነው። በእንባ ውስጥ ላይሶዛይም የሚባል አዎንታዊ ቻርጅ ያለው ትንሽ ፕሮቲን አለ። አሉታዊ ቻርጅ ያለውና 58 በመቶ ውሃ የያዘው ኤታፊልኮን የተባለው የሌንስ ቁስ ከሌሎቹ በብዙ እጥፍ የበለጠ ላይሶዛይም ይሰበስባል። ታዲያ የሚያስገርመው፣ በዚያ ሌንስ ላይ ያለው ላይሶዛይም አብዛኛው ቅርጹንና ሥራውን እንደጠበቀ መቆየቱ ነው፤ በሲሊኮን ሃይድሮጀል ሌንሶች ላይ የሚገኘው በመጠን ጥቂት ሆኖ ሳለ ብዙው ቅርጹን ያጣ ነው። ዓይንን የሚያስቆጣው በተለይ ቅርጹ የተፈታው እንደሆነ ይታመናል። ስለዚህ የቦርከና ልጅ፣ ስንት ተለጠፈ ብለህ ብቻ አትጠይቅ፤ በምን ሁኔታ ላይ ሆኖ ተለጠፈ ብለህም ጠይቅ።

ሌንስን ለማጽዳት ቀድሞ ከፓፓያ የሚወጣው ፓፔይን ኤንዛይም በጽላት መልክ ይሸጥ ነበር። ይህን የጻፍሁት ኤንዛይም ፕሮቲንን ቆርጦ እንደሚያነሣ ለማስረዳት እንጂ፣ ማንም የፓፓያ ጭማቂ ወደ ዓይኑም ሆነ ወደ ሌንሱ እንዳያስጠጋ በጥብቅ አሳስባለሁ።


የወልድያዋ እናት

እናንተ የተማራችሁ ሰዎች፣ በመካከላችሁ ገብቼ ካስቸገርሁ ይቅር በሉኝ። ልጄ የጭንቅላት ውሃ ተጠራቅሞበት አዲስ አበባ ወስደነው ሻንት (ውሃውን ከጭንቅላቱ የሚያፈስስ ቱቦ) ገብቶለታል፤ አሁን አንድ ዓመት ከስድስት ወሩ ነው። አንድ ባለሙያ «ፕሮቲን ሊዘጋው ይችላል» ብሎኝ ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ የለኝም። የምመግበውን እንቁላልና ወተት ልቀንስለት ወይ?


ሲስተር ወ. (ደሴ)

እህቴ፣ በምንም ምክንያት አትቀንሺበት። የሚበላው ፕሮቲን በሆዱ ውስጥ ተፈጭቶ ሰውነቱን የሚገነባ ነው እንጂ ወደ ቱቦው የሚሄድ አይደለም። ሻንት ብዙ ጊዜ የሚዘጋው በላይኛው ጫፉ፣ በአንጎል ውስጥ ያለው ህብረ ሕዋስ ወደ ቀዳዳዎቹ ሲያድግ ወይም የተሰበሰቡ ሕዋሳትና ፍርፋሪ ሲደፍኑት ነው፤ ከምግብ ጋር አይገናኝም።

የአንቺ ድርሻ ምልክቱን ማወቅ ነው። ደጋግሞ ካስመለሰው፣ ካለ ልማዱ እንቅልፍ ካበዛ ወይም ከተነጫነጨ፣ እርግብግቢቱ ገና ያልገጠመ ከሆነና ከተወጠረ፣ ዓይኖቹ ወደ ታች ከተጋደሉ፣ በቱቦው መስመር ላይ መቅላት ወይም ትኩሳት ካየሽ፣ ነገ ሳትዪ በዚያው ሰዓት ወደ ሆስፒታል ይዘሽው ሂጂ፤ ሻንት እንዳለውም መጀመሪያ ለተቀበለሽ ሰው ንገሪ። ይህ ሁሉ ከሌለ ልጅሽን አብልተሽ፣ አጫውተሽ ተኚ።


ሐይቅ ዳር

ወደ መለኪያው ልመለስ፤ ብዙ የመመረቂያ ጥናት የሚወድቀው እዚያ ላይ ስለሆነ። በገጽ ላይ አንድ ድርብ ሆኖ የተለጠፈ ፋይብሪኖጅን በካሬ ሴንቲሜትር ከማይክሮግራም በታች ነው፤ ጥቂት መቶ ናኖግራም በል። በጣም ጥሩ የሚባለው ልባስ ከ5 ናኖግራም በታች እንዲይዝ ይጠበቃል። ባለ 16 ቁጥር ቱቦ የውጭ ስፋቱ 5.3 ሚሊሜትር ስለሆነ፣ 10 ሴንቲሜትር ርዝመቱ ወደ 17 ካሬ ሴንቲሜትር የሚጠጋ የውጭ ገጽ አለው። በካሬ ሴንቲሜትር 300 ናኖግራም ቢለጠፍ እንኳ በጠቅላላው 5 ማይክሮግራም ብቻ ታገኛለህ፤ ይህንን በ2 ሚሊ ሊትር ብታጥበው በሚሊ ሊትር 2.5 ማይክሮግራም ነው። ቢሲኤ የተባለው የተለመደ የፕሮቲን መጠን መለኪያ በሚሊ ሊትር ከ20 ማይክሮግራም በታች አያምንም፤ ማይክሮ የሚባለውን ካልተጠቀምህ የምታነበው ቁጥር የባዶ ቱቦው ቁጥር ነው። ፕሮቲኑን በኤስዲኤስ ሳሙና የምታስለቅቅ ከሆነ ብራድፎርድ የተባለውን ሌላውን የፕሮቲን መለኪያ ቀለም ተወው፤ ሳሙናው ያሳስተዋል።

ከፍሎረሰንት ቀለም ጋር የተሳሰረ አልቡሚን ብታገኝ ቀላል ነው። ባታገኝም ልባስ የሌለው ቱቦ፣ ፖሊዶፓሚን ብቻ ያለውና ሙሉ ልባስ ያለው፣ ሦስቱ ጎን ለጎን ካልተለኩ ውጤቱ ምንም አይናገርም። ከአውቶክሌቭ (በጋለ እንፋሎት ጀርም ከሚያጠፋው መሣሪያ) በፊትና በኋላም ለካ፤ 121 ዲግሪን የማይቋቋም ልባስ ለብዙ ሆስፒታሎቻችን አይሆንም፣ ሁሉም ቦታ ያለ ሙቀት በኢትሊን ኦክሳይድ ጋዝ ጀርም የሚጠፋበት ክፍል የለምና።


የቦርከና ልጅ (ኮምቦልቻ)

ምክራችሁን ይዤ ሐሳቤን እንዲህ ለውጬዋለሁ። ሲሊኮኑን በፖሊዶፓሚን ለብጬ በላዩ ሰልፎቤታይን (ጋሼ ከነገሩኝ ሁለተኛው ቤተሰብ የሚመደብ) የያዘ ስስ ሃይድሮጀል እተክላለሁ፤ ለማነጻጸሪያ ሁለተኛ ቡድን የሲሊኮን ዘይት የመጠጠ ቱቦ ይሆናል። ሁለቱንም አጥፌና በአውቶክሌቭ አሳልፌ፣ መጀመሪያ በፋይብሪኖጅን፣ ቀጥሎ በሴረም (ደም ከረጋ በኋላ በሚቀረው ፈሳሽ)፣ በመጨረሻም ዩሪያን ወደ አሞኒያ የሚለውጠው ዩሪየዝ ኤንዛይም በተጨመረበት ሰው ሠራሽ ሽንት ውስጥ ለ14 ቀን እለካለሁ። ሲስተር ያሉት ድንጋይ በዚህ ውስጥ ይታያል ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ።

ጋሼ፣ ፈቃድዎ ከሆነ የጥናት ሐሳቡን ጽፌ ስጨርስ ደሴ ድረስ ይዤ እመጣለሁ።


ከጦሳ ሥር (ደሴ)

ይዘህ ና። የሴረሙን ሙከራ ግን ከ14 ቀን ውጭ በ10 ደቂቃ፣ በ1 ሰዓትና በ24 ሰዓትም ለካው፤ መተካካቱ የሚታይህ እዚያ ነው።


ሲስተር ወ. (ደሴ)

ከሕሙማን የሚወጡ የተደፈኑ ቱቦዎችን ለማየት ከፈለግህ፣ መጀመሪያ ከተቋምህ የሥነ ምግባር ኮሚቴ ፈቃድ አምጣ፤ ሕሙማኑም ይፈቅዱ እንደሆነ ይጠየቃሉ። ፈቃዱን ስትይዝ ቱቦው ለስንት ቀን እንደቆየና ከምን ዓይነት ቁስ እንደተሠራ የሚመዘገብበት ቅጽ አብረን እናዘጋጃለን። ስም አይጻፍበትም።